የእትዬ ማር ድምፅ በማሚቶ ጉሮሮ

ስሙኝማ፣ ይሄን ታሪክ ሆዴ ውስጥ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ለናንተ ካልተነፈስኩት እፈነዳለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን መሀል ላይ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ፤ ጉዱ ያለው ወደ መጨረሻው ነው።

የውጭ ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ስታዩ ሰዎቹ በኛ ቋንቋ ያወራሉ አይደል? አፉ የሌላ፣ ድምፁ የሌላ። እኔ በነዚህ ድምፆች ፍቅር የተለከፍኩት ገና ድሮ ነው፤ ፊልሙን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማየው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እና ከነዛ ድምፆች ጀርባ ካሉት ሰዎች የአንዷን ነው የምነግራችሁ።

ማሚቶ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፣ ግን በሱ የሚጠሯት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቲያትር ቤት ስትገባ ነው ማሚቶ ያሏት፣ ከገደል ማሚቶ ወስደው። አንድ ነገር ስትሏት ያንኑ በራሳችሁ ድምፅ መልሳ ትላችኋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። የጎረቤታቸውን ሴትዮ ድምፅ አውጥታ "አንተ! አትገባም?" ስትል፣ የሴትዮዋ ባል ከመንገድ ማዶ የካርታ ጨዋታውን በትኖ እየሮጠ ይገባል። ሚስትየዋ ደሞ በር ላይ ቆማ "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" ትለዋለች። ማሚቶ ከአጥር ጀርባ ሆና አፏን በእጇ አፍና ነው የምትስቀው።

ቲያትር ቤት የገባችው ትልቅ ተዋናይ እሆናለሁ ብላ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ መድረክ ላይ ስትወጣና ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥባት ጉልበቷ ይከዳታል። አንዴ "እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል" የምትል አንዲት ነገር ሰጧት። ወጣች። ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች። ከዛ ምንም ሳትል ተመለሰች። እንግዳው በር ላይ ቀረ! ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ድራማው ደሞ የሐዘን ነበር። አዘጋጁ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አንቺ ልጅ፣ አምላክ ጉሮሮ ሲሰጥሽ ጉልበት ነስቶሻል" አላት።

ከመጋረጃ ጀርባ ግን አንበሳ ናት። ሕፃን ሲያለቅስ እሷ ናት። ውሻ ሲጮህ እሷ ናት። ገበያ ሲንጫጫ፣ አሮጊት ስታስል፣ በር ሲንሲያጠጥ እንኳን እሷ ናት። ለዓመታት ሰው የሰማትና ማንም ያላያት ተዋናይ ሆነች።

የዛ ቲያትር ቤት ዋና ተዋናይት ደሞ እትዬ ማር ነበረች። ማር ያሏት በድምፅዋ ነው። ወፍራም ነው እንዳትሉት ወፍራም አይደለም፣ ቀጭን እንዳትሉት ቀጭን አይደለም፤ በቃ ይጣፍጣል። "ደህና ዋላችሁ" ስትል እንኳን ሰው የተመረቀ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ታዲያ እትዬ ማር ጉንፋን ይዟት መድረክ ላይ ወጣች። ዋናው ንግግር ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቅርት አለ። ማሚቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሳታስበው የቀረውን ቃል አለችው፣ በእትዬ ማር ድምፅ። እትዬ ማርም ሳትደነግጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እጇን ዘረጋች። ንግግሩ እንደዛው እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ተመልካቹ ተነስቶ አጨበጨበ፣ አንድም ሰው አልነቃም።

ሲያልቅ እትዬ ማር መጥታ የማሚቶን አገጭ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና፣ "አንቺ ሌባ፣ ድምፄን ከየት ሰረቅሽው?" አለቻት።

"ወድቆ አግኝቼው ነው እትዬ።"

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ማርም ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም። ማሚቶ ቤቷ ስትገባም የእትዬ ማር ጣት አገጯ ላይ የቀረ ነበር የመሰላት።

ከዛ የቲያትር ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ይታደሳል ተባለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ መጋረጃው ወረደ፣ ቆይቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ቁጭ አለ። ተዋናዮቹ እንደ ጨው ዘር ተበተኑ። ማሚቶና እትዬ ማር ግን አንድ ቦታ ተገናኙ፤ የውጭ ተከታታዮችን ድምፅ የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ።

ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰው ቤት ነው። መኝታ ቤቱ ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ ተለብዶ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ መሀሉ ላይ ማይክራፎን ተተከለበት። ሳሎኑ ውስጥ መስታወት ተበጅቶለት ኮምፒዩተሩ ተቀመጠ። ጫማ በር ላይ ነው የሚወልቀው፣ ወለሉ ስለሚጮህ። ቀረጻ ሲጀመር ፍሪጁ ይነቀላል፣ እያጉረመረመ አያሠራማ። ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፊልሙ ውስጥ ያለው በረሃ ሁሉ ይበሰብሳል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚቀመጠውን ድምፅ ቀራጭ ጆሮ ነው የሚሉት። ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ማይክ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ምራቁን ሲውጥ ሰምቶ "እስቲ ውሃ ጠጪና እንደገና" የሚል ሰው ስለሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ደሞ ባለ ስቱዲዮው አለ። ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ የማይቆጣ፣ ሲያስብ ጠረጴዛውን በጣቱ ጫፍ መታ መታ የሚያደርግ ሰው።

እዛ ቤት ስማቸው የገነነው በአንድ ተከታታይ ነው። ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ታሪክ ነው፤ ሕዝቡ ያበደለት። የእናትየዋ ድምፅ እትዬ ማር ናት። ማሚቶ ደሞ ነርሷ፣ ጎረቤቷ፣ ሕፃኑ፣ ሰልፈኛው፣ ሁሉም። ግን አንድ ሌላ ሥራም ነበራት። እትዬ ማር አርፍዳ ነው የምትመጣው፣ ደሞ ከስክሪኑ አፍ ጋር ቃሉን ማገጣጠም ይሰለቻታል። ስለዚህ ማሚቶ ቀድማ ትገባና የእናትየዋን ንግግር በሙሉ በእትዬ ማር ድምፅ ትቀዳዋለች፤ የት ትተንፍስ፣ የት ትፍጠን፣ የት ታቋርጥ፣ ሁሉንም አስተካክላ። ይሄን "መሪ" ይሉታል። እትዬ ማር መጥታ መሪውን በኢርፎን እየሰማች የራሷን ከላዩ ትልበትና በአንዴ ይወጣል። ከዛ ጆሮ መሪውን ያጠፋዋል።

አንድ ቀን ግን ጆሮ ሳያጠፋው ቀረ። ይባስ ብሎ ለቴሌቪዥን ጣቢያው የተላከው መሪው ነበር! ያውም እናትየዋ ልጇን የምትቀብርበት ክፍል። ጆሮ ያወቀው ፊልሙ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ለባለ ስቱዲዮው ነገረው። ማሚቶም ነበረች፣ ጥግ ይዛ።

"ስንት ሰው ደወለ?" አለ ባለ ስቱዲዮው።

"ለማመስገን ነው ለመሳደብ?"

"ድምፁ ሌላ ነው ብሎ።"

"ማንም።"

"ጋዜጠኞቹስ? የሳሙና ፋብሪካ ሰዎቹስ?" ተከታታዩን ስፖንሰር የሚያደርገው የሳሙና ፋብሪካ ነው።

"የፋብሪካው ሰውዬ 'ዛሬ አስለቀሰችን፣ ከሁልጊዜው በለጠች' ብሎ ደውሏል።"

ባለ ስቱዲዮው ይቆጣል ብለው ጠብቀው ነበር። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ቀና ብሎ ማሚቶን አያት፤ ልክ እስከዛሬ አይቷት እንደማያውቅ። "እሺ" አለ። ማሚቶ መፍራት የጀመረችው ያኔ ነው።

በማግስቱ እትዬ ማር መጣች። ጫማዋን እያወለቀች፣ ጎንበስ እንዳለች፣ "ጆሮ" አለች፣ "ትናንት ልጄን የቀበርኩት እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ እትዬ፣ ማን ሊሆን?"

"እኔ እንዲህ አላለቀስኩም።" ማሚቶን አየቻት። ከዛ ገብታ ሥራዋን ሠራች። ያን ቀን ግን መሪውን አልሰማም ብላ ኢርፎኑን አንጠልጥላው ዋለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ማር ድምፅ መጎርነን ጀመረ። ዝንጅብል ብትል፣ ማር ብትል፣ ሙቅ ውሃ ብትል አልመለስ አለ። ሐኪም ጉሮሮዋን አይቶ እባጭ ነው አለ፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለ፣ ከዛ በኋላ ደሞ ለወራት ትንፍሽ እንዳትይ አላት። መቼም በድምፁ እንጀራ ለሚበላ ሰው ይሄ አፍሽን ስፊው ማለት ነው።

ባለ ስቱዲዮው ማሚቶን ጠራት። "ማሚቶዬ፣ እስክትድን አንቺ ትሸፍኚያለሽ። ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም።"

"እትዬ ሳትፈቅድ አልነካውም" አለችው።

ሄደች እትዬ ማር ቤት። እትዬ ማር አንገቷ ላይ ፋሻ ጠምጥማ አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። የልጅ ሰሌዳና ጠመኔ ጭኗ ላይ አለ። ማሚቶ ነገሩን ስትነግራት በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች ሰማቻት። ከዛ ሰሌዳውን አነሳችና ጻፈች፦ "እስክድን ያዢልኝ።" ማሚቶ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ማር በመዳፏ አጠፋችውና ሌላ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈች፦ "አደራ።"

ከዛ እጇን ዘርግታ መዳፏን የማሚቶ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠች። አላነቀቻትም፣ ልክ ትኩሳት እንደምትለካ ሰው ነው። ጠመኔው ማሚቶ አንገት ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

አደራ ታውቃላችሁ አይደል? ወርቅ ቢሆን ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ትጠብቀዋለህ። ድምፅ ግን ካልተናገርክበት አይጠበቅም፣ ከተናገርክበት ደሞ ያንተ እየሆነ ይሄዳል። ማሚቶን የጨነቃት ይሄ ነው። እትዬ ማር ስትድን ድምፅዋን መልሳ ልታስረክባት ነው፤ አለዚያ አደራ በላ መባል ነው፣ ከሞት አይሻልም።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። እናትየዋ በየሳምንቱ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ሕዝቡ አብሮ ያለቅሳል። ቀልዱ ደሞ የማሚቶ እናት የተከታታዩ አፍቃሪ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው መሀረባቸውን ይዘው፣ "አይ ሴት! አይ እናት!" ይላሉ። "እዪ አንደበቷን! አንቺ እንደሷ ብትሆኚ ምናለበት? ለእናትሽ አንድ ደግ ቃል ማውጣት ምጥ ይሆንብሻል።"

"እሺ እማዬ" ትላለች ማሚቶ። አናጢው ባሏ ሳቁን ለመደበቅ ጫማውን ለማሰር ያጎነብሳል፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም እኮ።

ቆይቶ ግን ባለ ስቱዲዮው "አንዲት የሳሙና ማስታወቂያ ብቻ" አላት። ሠራች። "የሬዲዮ መልካም ምኞት ብቻ" አላት። እሱንም ሠራች። አንድ ቀን ደሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ እትዬ ማርን ላናግራት ሲል፣ ባለ ስቱዲዮው ስልኩን ለማሚቶ ሰጣት። "ሰላም ነኝ፣ ተመስገን፣ ጤናዬም ደህና ነው" አለች ማሚቶ፣ በታማሚዋ ድምፅ። እትዬ ማር ቤቷ ሆና ያንን እንደሰማችው አትጠራጠርም፤ ሬዲዮኗ ከአልጋዋ ራስጌ አይጠፋም።

ቤት ውስጥ የሆነው ይብሳል። አንድ ጠዋት ሴት ልጇን፣ ሚጢን፣ "ልጄ፣ ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ" አለቻት። ሚጢ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"እማዬ፣ ሴትዮዋ መጣች።"

"የቷ ሴትዮ?"

"አንቺ ውስጥ ያለችው።"

ማሚቶ ሳቀች። የሳቀችው ግን በሷ ሳቅ አልነበረም። ሚጢ ሮጣ አባቷ ጋ ሄደች፣ ያን ቀን ፀጉሯን ሳትሠራ ትምህርት ቤት ገባች። ባሏም መጋዙን አስቀምጦ፣ "ስሚ እስቲ" አላት። "ትናንት ስትቆጪኝ በማን ድምፅ እንደተቆጣሽኝ ታውቂያለሽ? ከሰው ሚስት ጋ እንደተጣላሁ ነው የቆጠርኩት።"

"በራሴ ነዋ!"

"ይሄው፣ አሁንም።"

ማሚቶ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ስሟን ጠራች። እናቷ ያወጡላትን ስም። ደጋግማ ጠራችው። ሲወጣ የሚሰማት እትዬ ማር ስትጠራት ነው። የራሷ የትኛው እንደነበር፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ጠፋባት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት እውነት ነው፤ ድምፅ ደሞ ከወርቅም ይብሳል፣ አይወልቅማ።

"ትድናለች፣ ስትድን እመልስላታለሁ፣ ያኔ የኔም ይመለሳል" ትል ነበር ለራሷ።

እትዬ ማር ዳነች። አንድ ቀን ከሰዓት ስቱዲዮ መጣች፤ ፋሻ የለም፣ ሻሽ አስራለች። ማሚቶ ልትስማት ስትሮጥ እትዬ ማር አፏን ከፈተች።

"ደህና ዋልሽ ማሚቶ።"

ወይኔ! ማሩ የለም። የሚወጣው እንደ ደረቅ ቅጠል ነው፣ ሲረግጡት እንደሚንኮሻኮሸው። ቃሉ ይሰማል፣ ግን ጆሮን ጠጋ ማድረግ ይፈልጋል። ማሚቶ ምንም እንዳልሰማ ሆና አቀፈቻት። "እንኳን መጣሽልኝ እትዬ። ይሄው ቦታሽ።"

እትዬ ማር ገብታ ተቀረጸች። እናትየዋ ምራቷን ይቅር የምትልበት ቦታ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማሚቶ ከመስታወቱ ማዶ ሆና ስትሰማ እንባዋ ወረደ። ድምፁ የተሰነጠቀ ነው፣ ግን ይቅርታው የእውነት ይቅርታ ነው። የኔ መቼም እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለች በልቧ። ጆሮም ኢርፎኑን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ባለ ስቱዲዮው ግን አስቀድሞ ከሳሙና ፋብሪካው ሁለት ሰዎች ጠርቶ ሳሎን አስቀምጧቸው ነበር። ሰዎቹ እትዬ ማርን በመልክ አያውቋትም፣ ስለ ሕመሟም አልሰሙም፤ የሚያውቁት ድምፁን ነው። የእትዬ ማርን አሰማቸው። ከዛ ማሚቶ ባለፈው የቀዳችውን አሰማቸው። እትዬ ማር በሩ ጋ ቆማለች።

"ይቺኛዋ ማናት?" አለ ሰውዬው ስለ መጀመሪያው። "አሟታል እንዴ?"

"እኛ የምንፈልገው ዋናዋን ነው" አለች አብራው የመጣችው ሴትዮ። "እቺን የምታስመስለዋን አይደለም።"

ሰዎቹ የሳሙና ናሙና ለሁሉም አድለው ሄዱ። ለእትዬ ማርም አንድ ሰጧት።

ባለ ስቱዲዮው ዞሮ በዛ በለሰለሰ አነጋገሩ፣ "እትዬ፣ እንግዲህ ሰሙ። እርስዎ ቤትዎ ይረፉ" አላት።

እትዬ ማር ያስደነገጣት ማረፉ አልነበረም። "እርስዎ?" አለች። "ዕድሜያችን እኩል ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልከኝ?" ሰው ሲርቅህ እኮ ነው የሚያከብርህ። እሷም ወደ ማሚቶ ዞረች። "አደራዬንስ?"

"ማሚቶዬ፣ ግቢና ይሄን ክፍል ድገሚልኝ" አለ ባለ ስቱዲዮው።

ማሚቶ ገባች። እንዴት እንደገባች አታውቅም፣ እግሯ ለምዶታል። ኢርፎኑን አደረገች። ቀይዋ መብራት በራች። እናትየዋ ስክሪኑ ላይ አፏን ከፈተች፣ የማሚቶም ጉሮሮ ተከፈተ፣ ማሩ እስከ ምላሷ ጫፍ መጣ። በመስታወቱ እትዬ ማርን አየቻት። እትዬ ማር አታለቅስም። ዝም ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፣ ከእናትየዋ አፍ ጋር እኩል።

ማሚቶ ኢርፎኑን አወለቀችው። "አልችልም" አለች። ድምፅዋ ቀጭንና ሻካራ ነበር፣ መጀመሪያ ራሷም አላወቀችውም። ለካ የራሷ ነው! "አደራ በላ አልባልም። እናትየዋ ወይ በእትዬ ማር ትናገራለች፣ ወይ ዝም ትላለች። እኔን ከዛሬ ጀምሮ ፈልገህ አታገኘኝም።"

ይለምነኛል ብላ ነበር። ይቆጣል፣ ያስፈራራል ብላ ነበር። ባለ ስቱዲዮው ግን ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ፈገግ አለ። "እሺ ማሚቶዬ። ደህና ሁኚ።"

እሺ! በቃ። ይቺ እሺ ናት ያስፈራቻት። ዓመታት ሙሉ ሕዝብ ያስለቀሰ ድምፅ ከእጁ ሲወጣ እሺ የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮም ቀና ብሎ አላያትም። በር ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ የኋለኛው ክፍል ደጃፍ ላይ የማታውቀው የሴት ጫማ አየች። ትንሽዬ ነው። በሩ ዝግ ነው፣ ከውስጥ ምንም አይሰማም።

እትዬ ማርንና ማሚቶን ጉድ ያደረጋቸው ቀጣዩ ቅዳሜ ነው። ተከታታዩ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚታየው። ማሚቶ እትዬ ማር ቤት ሄደች። "አቁመውት ይሆናል" አለች ማሚቶ። "ወይ ሌላ ድምፅ ያስገቡበትና ሕዝቡ ይጮሃል። ያኔ አንቺን መጥተው ይለምኑሻል፣ ምን አለች በዪኝ።"

"አንቺ ሞኝ" አለች እትዬ ማር በዛ በተሰነጠቀው ድምፅ። ግን ሻሿን አስተካክላ ቀረብ ብላ ተቀመጠች፤ ተስፋ አድርጋለች።

ፊልሙ ጀመረ። እናትየዋ በሩን ከፍታ ገባች፣ ምራቷን አየች፣ አፏን ከፈተች። "ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አለች።

በእትዬ ማር ድምፅ።

ማሚቶ ዞራ እትዬ ማርን አየቻት። እትዬ ማርም ዞራ ማሚቶን አየቻት። አንዷ የአንዷን አፍ ነው የሚያዩት። ሁለቱም አፍ ዝግ ነው።

"ሳትነግሪኝ ቀዳሽው?" አለች እትዬ ማር።

"በልጄ! በሚጢ ሞት! እኔ አንቺ ስቱዲዮ የተመለስሽ መስሎኝ…"

ማሚቶ ስልኳን አንስታ ጆሮ ላይ ደወለች። ብዙ ጠርቶ ነው ያነሳው።

"ማናት?" አለችው።

"አንቺ ልጅ፣ ተይኝ፣ እንጀራዬን አታሳጪኝ።"

"ጆሮ፣ ማናት?"

ተነፈሰ። "አንዲት ልጅ ናት። እትዬ ከታመመች ጀምሮ የኋላ ክፍል ተቀምጣ ኢርፎን አድርጋ ስትሰማ ነው የከረመችው። እትዬን አይደለም የሰማችው። አንቺን ነው። ያንቺን መሪዎች አላጠፋኋቸውም፤ ባለ ስቱዲዮው ነው አስቀምጣቸው ያለኝ። አንቺ እንደምትሄጂ ካንቺ በፊት ነው ያወቀው።" ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጎበዝ ናት፣ ምን ይደረጋል" አለና ዘጋው።

እንግዲህ አስቡት። ማሚቶ አደራዋን በሚገባ መልሳለች፣ ከሰው እጅ ነጻ ናት። ግን የመለሰችው ነገር እትዬ ማር ጋ አልደረሰም፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አንስቶታል።

ሁለቱ ሴቶች በሚቀጥለውም ቅዳሜ አብረው ተቀመጡ። ያን ቀን ፊልሙ ለማስታወቂያ ሲቋረጥ የማሚቶ ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። አነሳችው።

"ሄሎ፣ ማሚቶ ነሽ?" አለ ድምፁ።

የእትዬ ማር ድምፅ ነው፣ ያ የድሮው፣ ከሕመሙ በፊት የነበረው። እትዬ ማር ደሞ አጠገቧ ተቀምጣ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው። ማሚቶ ለሁለቱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

"ይቅርታ እትዬ ማሚቶ፣ አዲሷ ነኝ" አለ ድምፁ። "ቁጥርሽን ጆሮን ለምኜ ነው ያገኘሁት፣ እንዳትቀየሚኝ።"

"በራስሽ ድምፅ አውሪኝ" አለች ማሚቶ።

"በራሴ እኮ ነው። ማለቴ… አሁን አሁን የሚመጣልኝ ይሄ ነው።" ልጅቷ ሳቅ እንደማለት አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬን ይወጋኛል። ምራቅ ስውጥ የሆነ ነገር ያለ ይመስለኛል። ጋሼን፣ ባለ ስቱዲዮውን፣ ስነግረው ሲለመድ ይተዋል አለኝ። አንቺንም እንዲህ ያደርግሽ ነበር? ያልፋል አይደል?"

ማሚቶ እትዬ ማርን አየቻት። እትዬ ማር ስልኩን ከማሚቶ እጅ ወሰደችው፣ ወደ አፏ አስጠጋችውና በቀራት ድምፅ ሁሉ፣ "ልጄ፣ ተይው" አለች። "ዛሬውኑ ተይው። ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ ነኝ የምነግርሽ፣ ባለቤትየዋ ነኝ፣ ድምፁ የኔ ነው።" የአንገቷ ሥር ተገታትሮ ነበር።

"ሄሎ?" አለች ልጅቷ። "ሄሎ? እትዬ ማሚቶ? መስመሩ ተበላሸ መሰለኝ፣ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሄሎ?"

"ልጄ!" አለች እትዬ ማር።

"ኧረ ምንም አይሰማም። ቆይ፣ ሌላ ቀን እደውልልሻለሁ፣ ቀረጻ ጠርተውኛል።" ተዘጋ።

ማሚቶ መልሳ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም አላት። ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያው አለቀና እናትየዋ ተመለሰች፤ የታመመች ልጇን ግንባር እየዳበሰች፣ በዛ በሚጣፍጥ ድምፅ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል" አለች። ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም ተነስተው አላጠፉትም።

ተከታታዩ እስከዛሬ ይታያል። እኔ እንኳን ዓይኔን ጨፍኜ ማየቱን ትቻለሁ። እናንተስ? የምታውቁት ሰው ድምፅ፣ ወይ የራሳችሁ፣ ሰውየው ከሌለበት ቦታ ሲመጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ንገሩኝ፣ ያኔ ምን አደረጋችሁ?